የፍሬን ሆዝ ሥራና የብድር ጥያቄው

በጠቅላላ አባላት ስብሰባችን ላይ በማኅበሩ የሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር



ዛሬ ድምፅ ከምንሰጥባቸው ጉዳዮች አንዱ የሦስት አባሎቻችን የብድር ጥያቄ ነው። ሦስቱንም ታውቋቸዋላችሁ። ለገልባጭ መኪናና ለሎደር የሃይድሮሊክ ሆዝ እየቆረጡ፣ ጫፉን በማሽን እየጨመቁ የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ አለቻቸው። የመጀመሪያውን ብድራቸውን ቀን ሳያሳልፉ ከፍለው ጨርሰዋል። አሁን የጠየቁት በዚያችው ሱቅ ለአሮጌ መኪኖች የፍሬን ሆዝ መሥራት ለመጀመር የሚሆን ተጨማሪ ብድር ነው።

የብድር ኮሚቴው ሁለት ነገር አጥንቼ እንዳቀርብ አዞኛል። አንደኛ፣ ሥራው ያዋጣል ወይ? ሁለተኛ፣ ማኅበሩ ገንዘቡን ሲሰጥ ምን ዓይነት ኃላፊነት አብሮ ይወስዳል? እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ መካኒክ አይደለሁም። ስለዚህ ቁጥር ከመጻፌ በፊት ሱቃቸው ሄጄ ሥራቸውን አየሁ፤ ጋራዥ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ጠየቅሁ፤ ስለ ፍሬን ሆዝ የወጣ የጥራት መመዘኛም አነበብኩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ሥራውን ሳያውቁ ስለ ትርፉ መናገር አይቻልም።

መደምደሚያዬን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ብድሩ ይሰጥ ነው የምለው። ነገር ግን በመጀመሪያው ገንዘብ የሚገዛው መፈተሻው ይሁን፤ ለሽያጭ የሚሆነው ዕቃ ከዚያ በኋላ ይገዛ። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

ጥያቄው የተነሣው በአንድ ደንበኛ ምክንያት ነው። ሰውየው ፊያት 600 መኪና አለችው። ጣሊያን አገር እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የተሠራች፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ትንሽ መኪና ናት፤ ታላላቆቻችሁ በአዲስ አበባ ታክሲ ሆና "ሰይቼንቶ" ስትባል ታስታውሷታላችሁ። ደንበኛው አድሶ ለሠርግ ያከራያታል። የፍሬኗ ሆዝ በየቦታው ተሰነጣጥቆበታል፤ በመለዋወጫ ሱቆች ዞሮ የሚገጥም አላገኘም። ወደ አባሎቻችን ሱቅ መጥቶ፣ "ለስንት ቶን ገልባጭ የምትሠሩ ለዚህች ትንሽ መኪና እንዴት ያቅታችኋል?" አላቸው።

ጥያቄው ተገቢ ይመስላል። በሱቁ ያለው ሆዝ ወፍራም ነው፣ በውስጡ የብረት ሽቦ አለው፣ ከባድ ግፊት ይችላል። አባሎቻችን ግን ያን ቀን ሥራውን አልተቀበሉም፤ ገንዘቡ ፊታቸው ላይ እያለ "በዚህ ዕቃ አይሆንም" ብለው መለሱት። ምክንያታቸውን ስትሰሙ ብድር ለማን እየሰጠን እንደሆነም አብራችሁ ትረዳላችሁ።

በመጀመሪያ የፍሬን ሆዝ ምን እንደሚሠራ ልግለጽ። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ዋናው የፍሬን ፓምፕ የፍሬን ዘይቱን ወደ አራቱም ጎማዎች ይገፋል። ዘይቱ አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው በቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ ነው። ነገር ግን ጎማ መንገዱ ሲጎረብጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘላል፤ የፊተኞቹ ደግሞ ከመሪው ጋር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራሉ። የብረት ቱቦ ይህን ሁሉ መታጠፍ አይችልም፤ ይሰበራል። ስለዚህ ከመኪናው አካል እስከ ጎማው ያለችው የመጨረሻዋ መንገድ የምትተጣጠፍ ሆዝ ናት። ርዝመቷ ከአንድ እስከ ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው፤ የውስጥ ቀዳዳዋ ደግሞ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ሹፌሩ አጥብቆ ሲረግጥ በዚህች ቀዳዳ ውስጥ ያለው ግፊት ከ70 እስከ 100 ባር ሊደርስ ይችላል። ለማነጻጸር ያህል፣ በትንሽ መኪና ጎማ ውስጥ የምናስሞላው አየር ሁለት ባር ገደማ ነው። በዚያ ላይ እንደ ፊያት 600 ያሉ የዚያ ዘመን መኪኖች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። በዛሬ መኪኖች መስመሩ ለሁለት የተከፈለ በመሆኑ አንዱ ቢፈስ ሌላው ይይዛል። በአሮጌዎቹ ግን አንዲት ሆዝ ብትፈነዳ ዘይቱ በሷ በኩል ይወጣና የአራቱም ጎማ ፍሬን አብሮ ይጠፋል። የሚቀረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

አሁን ወደ አባሎቻችን ምክንያት ልመለስ። ለሎደርና ለገልባጭ የሚሆነው ሆዝ በአብዛኛው የተሠራው የሞተርና የሃይድሮሊክ ዘይት ከሚችል ጎማ ነው፤ ናይትራይል ይሉታል። የፍሬን ዘይት ግን ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ ከነዳጅ የሚወጣ ዘይት አይደለም። ዶት 3 እና ዶት 4 ተብለው የሚሸጡት ግላይኮል ከሚባል ኬሚካል የተሠሩ ናቸው። ናይትራይል ጎማ በእንዲህ ዓይነቱ የፍሬን ዘይት ይበላሻል። የፍሬን ሆዝ የውስጥ ጎማ ኢፒዲኤም የሚባለው ዓይነት የሆነው ለዚህ ነው። ኢፒዲኤም ደግሞ በተራው የፍሬን ዘይትን ይችላል እንጂ የሞተር ዘይትንና ቤንዚንን አይችልም፤ ያብጣል።

ስለዚህ የገልባጩ ሆዝ በፊያቷ ላይ ቢገጠም በመጀመሪያው ቀን በደንብ ይሠራል። ደንበኛው ከፍሎ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ጉዳቱ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ጎማው ከውስጥ እያበጠ፣ እየላላ፣ እየተላጠ ይሄዳል፤ ከውጭ ለሚያየው ግን አዲስ እንደሆነ ነው። አባሎቻችን እምቢ ያሉት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ታዲያ በትክክል ለመሥራት ምን ያስፈልጋል? ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ፤ እያንዳንዱ ደረጃ በእኔ ወረቀት ላይ አንድ የወጪ መስመር ነውና።

የመጀመሪያው መለካት ነው። አሮጌው ሆዝ ይወጣና ርዝመቱ ይለካል። ይህ ብቻ አይበቃም። መሪው እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ ከዚያም እስከ ጥግ ወደ ቀኝ ሲዞር፣ ጎማው በክሪክ ተነሥቶ ሲንጠለጠልና መኪናው ጭነት ሲይዝ ሆዙ የሚደርስበት ቦታ ሁሉ መታየት አለበት። አጭር ከሆነ ይወጠራል፤ ረጅም ከሆነ ጎማው ላይ ይፈገፈጋል።

ቀጥሎ የጫፉ ጥርስ ነው። በአውሮፓ መኪኖች ብዙ ጊዜ የሚገኘው ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1 ሚሊሜትር የሆነ ነው። 1.25 ሚሊሜትር የሆነም አለ። በእንግሊዝና በአሜሪካ መኪኖች ደግሞ የኢንች ልክ አለ፤ ውፍረቱ 9.5 ሚሊሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.06 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ ከመጀመሪያው ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ ያልተገናኙ ጥርሶች ጥቂት ዙር ተያይዘው የገጠሙ ሊመስሉ ይችላሉ። ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ ግን ሊለቁ ይችላሉ። ስለዚህ በዓይን ግምት አይሠራም፤ የጥርስ መለኪያና ካሊፐር ያስፈልጋል። ዘይቱ እንዳይፈስ የሚዘጋው የጫፉ መቀመጫም ቅርጹ ከመኪና መኪና ይለያያል፤ እሱም አብሮ መመሳሰል አለበት።

ከዚያ መቁረጥና መጨመቅ ይመጣል። ለፍሬን ተብሎ የተሠራው ሆዝ በስለታም ምላጭ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ውስጡ ይጸዳል። ጫፉ ላይ የሚገባው ብረት እስከ ምልክቱ ድረስ ይገባል፤ በላዩ ላይ ያለው የብረት ቀለበት ዙሪያውን በማሽን ይጨመቃል። ምን ያህል እንደሚጨመቅ የሚወስነው የሆዙና የጫፉ አምራች በሰጠው ልክ ነው። ካነሰ ግፊት ሲመጣ ሆዙ ከጫፉ ይወጣል፤ ከበዛ የውስጡ ጎማ ይቆረጣል ወይም ቀዳዳው ይጠባል። በየመንገዱ የምናየው በክላምፕ የሚታሰር ሆዝ ለውኃ ሊሆን ይችላል፤ ለፍሬን ፈጽሞ አይሆንም።

የመጨረሻው ፈተና ነው። የአሜሪካ መንግሥት የፍሬን ሆዝ መመዘኛ ለዚህ ለምንነጋገርበት ቀጭን ሆዝ የሚለውን ላካፍላችሁ። ለናሙና የተወሰደ ሆዝ በ276 ባር ግፊት ሁለት ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ከዚያም ግፊቱ እየጨመረ ሲሄድ ከ483 ባር በፊት መፈንዳት የለበትም። ሌላ ናሙና ደግሞ በማሽን ላይ ለ35 ሰዓት ያለማቋረጥ እየተወዛወዘ ይፈተናል። ሆዙ ላይ የአምራቹ መለያና የተሠራበት ቀን ይጻፋል፤ በርዝመቱም ሁለት መስመሮች ይሰመሩበታል። መስመሮቹ ለጌጥ አይደሉም፤ ሆዙ ተጠማዝዞ ከተገጠመ መስመሩ ስለሚዞር መካኒኩ ወዲያው እንዲያየው ነው።

አባሎቻችን የ35 ሰዓቱን ማሽን አይገዙም፤ ያን ፈተና ያለፈና መለያ ያለበት ሆዝ ከአምራች ገዝተው ጫፍ ይገጥማሉ። የራሳቸው ሥራ የሆነውን፣ ማለትም ጭመቃውን፣ ግን ራሳቸው መፈተን አለባቸው። ለዚህ የሚሆን እስከ 700 ባር የሚደርስ የእጅ ፓምፕ አለ። ፈተናው የሚደረገው በፈሳሽ ነው፤ በኮምፕሬሰር አየር አይሞከርም። የታመቀ አየር ሆዙ ሲፈነዳ በኃይል ይበተናልና ሠራተኛዋን ሊጎዳ ይችላል። በውኃ ከተፈተነ ደግሞ በደንብ ይደርቃል፤ ውኃ የፍሬን ዘይት ውስጥ ከገባ ዘይቱ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳልና።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ለማስረጃ ያህል የአንድ ሆዝ ወጪ 100 ብር ነው እንበል፤ ትክክለኛው የገበያ ዋጋ በኮሚቴው እጅ ባለው ሰነድ ላይ አለ። ደንበኛ መጥቶ "20 ብር ቀንሱልኝ" ሲል ያ 20 ብር ከየት ይወጣል? ሆዙን ማሳጠር አይቻልም። ጫፉን ማስቀረት አይቻልም። ማስቀረት የሚቻለው ፈተናው ብቻ ነው፤ ደንበኛው አላየውምና። በብዙ ሥራ ዋጋ ሲወርድ ቀድሞ የሚጠፋው የማይታየው ወጪ ነው። በእንጀራ ሥራ ይህ ቢሆን ደንበኛ በማግሥቱ ይቀራል። በፍሬን ሥራ ግን ማግሥቱን የማያይ ሰው ሊኖር ይችላል።

ፈተናው ምን ያህል ያስወድዳል የሚለውን አሰላሁት። አባሎቻችን ከሚሠሩት ከእያንዳንዱ 20 ሆዝ አንዱን እስኪፈነዳ ድረስ ይፈትኑ እንበል። የ20ው ወጪ 2000 ብር ነው፤ የሚሸጠው 19 ነው። 2000 ለ19 ሲካፈል አንዱ 105 ብር ከ26 ሳንቲም ይመጣል። ይህ ማለት አንዱን ሆን ብሎ ማፈንዳት የቀሩትን እያንዳንዳቸውን የሚያስወድደው በ5 ብር ከ26 ሳንቲም ብቻ ነው። በዚህ ላይ የፓምፑ እርጅናና የፈታኟ ሰዓት ይጨመራል። ይህ ሁሉ በመሸጫ ዋጋው ውስጥ ከመጀመሪያው ይግባ፤ እንደ ትርፍ ወጪ ሳይሆን እንደ ጥሬ ዕቃ ይቆጠር።

ገበያውስ አለ ወይ? አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪኖች እንግዲህ ገና ብዙ ዘመን መጠገናቸው አይቀርም። ይሁን እንጂ ሁሉም የእኛ ገበያ አይደሉም። ለምሳሌ ለቮልስ የሚሆን አዲስ የፍሬን ሆዝ ዛሬም በፋብሪካ ይመረታል። የፋብሪካው ዕቃ ከታወቀ ቦታ ከተገኘ ደንበኛው እሱን እንዲገዛ መንገር ይገባል፤ አባሎቻችንም ይህን ተስማምተውበታል። የእነሱ ሥራ በገበያ ለማይገኘው ነው። ስለዚህ በገቢ ትንበያዬ ላይ ዝቅተኛውን ቁጥር ነው የወሰድኩት። በዚያም ቢሆን የሃይድሮሊክ ሥራቸው እየደገፈው ብድሩ በጊዜው ይመለሳል።

ከስብሰባው በፊት ከአባላት ሁለት ሐሳብ ሰምቻለሁ። አንዳንዶቻችሁ፣ "ለዳቦ መጋገሪያና ለልብስ ስፌት ስናበድር ይህን ያህል ቅድመ ሁኔታ አላበዛንም፤ በእነዚህ ልጆች ላይ ለምን ይከብዳል?" ብላችኋል። የከበደው በልጆቹ ላይ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ከባድ ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ "ሰው ሊሞት የሚችልበት ነገር ውስጥ ማኅበራችን ምን አገባው? ይቅርብን" ብላችኋል። እናቶቼ፣ ፍርሃታችሁ ትክክል ነው። ግን እኛ ብንተወው መኪናዋ መንገድ ላይ መውጣቷን አትተውም። ደንበኛው ያገኘውን ሆዝ በክላምፕ አሳስሮ ይነዳል። አውቀው እምቢ ያሉት እጆች ተምረውና መፈተሻ ይዘው ቢሠሩት ይሻላል።

ስለ ኃላፊነቱም ግልጽ ልሁን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በአግባቡ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። ስለዚህ መዝገብ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሆዝ ቁጥር ይኑረው። በመዝገቡ ላይ የተሠራበት ቀን፣ ሆዙ የመጣበት ጥቅል፣ የጭመቃው ልክ፣ የፈተናው ውጤትና የፈታኟ ፊርማ፣ የመኪናው ሰሌዳ ይጻፍ። አንድ ጥቅል ችግር ቢገኝበት ከዚያ ጥቅል የወሰዱትን ሁሉ በስልክ ጠርቶ ማስመለስ የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው። እኔ በየወሩ የሒሳብ መዝገባቸውን ስመረምር ይህንንም አብሬ አያለሁ።

በዚህ መሠረት የማቀርበው የውሳኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ብድሩ በሁለት ጊዜ ይለቀቅ። በመጀመሪያው የፈተና ፓምፑ፣ የጥርስ መለኪያው፣ ካሊፐሩና ለሙከራ የሚሆን ጥቂት የፍሬን ሆዝ ይገዛ።

ሁለተኛ፣ 20 ሆዞች ለሽያጭ ሳይሆን ለሙከራ ይሠሩ፤ ሁሉም ይፈተኑ፤ ውጤቱን ከማኅበሩ ውጭ የሆነ ባለሙያ አይቶ ይፈርምበት። የሙከራው ወጪ ከብድሩ ሳይሆን ለጋሾቻችን ለሥልጠና ብለው ከሰጡን ገንዘብ እንዲሸፈን እጠይቃለሁ፤ ሥልጠና ማለት ይህ ነውና።

ሦስተኛ፣ ሙከራው ካለፈ የቀረው ገንዘብ ይለቀቅ። ካላለፈ ሁለተኛው ክፍያ ይቆይ፤ የተገዛው መለኪያና ፓምፕ ለሃይድሮሊክ ሥራቸውም ስለሚያገለግል ገንዘቡ አይባክንም።

አራተኛ፣ ያልተፈተነ ሆዝ ለዘመድም ቢሆን፣ ለማኅበራችን አባልም ቢሆን ከሱቁ አይውጣ። ፍሬን ለሌላ ሥራ ከተቀመጠው ሆዝ ጋር እንዳይቀላቀል መደርደሪያው ይለይ።

ከመጨረሴ በፊት አሮጌ መኪና በቤታችሁ ላለ አንድ ነገር ልጨምር። ሆዝ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሊያብጥ ይችላል። ዘይቱ በእግራችሁ ኃይል ይገባል፣ መመለስ ግን ያቅተዋል። ፍሬን ከለቀቃችሁ በኋላ አንዱ ጎማ ይዞ ከቀረ፣ ከተነዳ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ እጅግ ከጋለ፣ ስትረግጡ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ ወይም ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከላላ ዛሬውኑ ወደ መካኒክ ውሰዱት። ሆዙን አጠፍ አድርጎ እንዲያየው ጠይቁት፤ ስንጥቅ የሚታየው ሲታጠፍ ነው። አንዱ ካረጀ ሌላኛው ጎንም እኩያው ነውና ሁለቱን አብራችሁ አስቀይሩ። ከተቀየረም በኋላ አየሩ በሚገባ መውጣቱንና በሁለቱም በኩል መሪው ሲዞር ሆዙ ጎማ አለመንካቱን ቆማችሁ እዩ።

ባለ ፊያቱ ደንበኛ መኪናውን አቁሞ እየጠበቀ እንደሆነ አባሎቻችን ነግረውኛል። ስንት ቀን እንደሚጠብቅ በእናንተ እጅ ነው። የውሳኔ ሐሳቡን ኮሚቴው ያነብላችኋል፤ ጥያቄ ካላችሁ ከድምፁ በፊት ጠይቁኝ፤ የሥራውን ጥያቄ ደግሞ ሦስቱ እህቶቻችን እዚሁ ስላሉ ይመልሱላችኋል።